የሳነቲ መንገድ በአንድ ቀን፦ ከሮቤ ሀረና ደን ደርሶ የሚመለስ የጉብኝት አገልግሎት ሲመዘን

የባሌ ተራሮችን ማየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ድንኳንና ስንቅ በፈረስ አስጭኖ ለቀናት በእግር መጓዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሮቤ ወይም ከጎባ ከተማ መኪና ከሹፌርና ከአስጎብኚ ጋር ተከራይቶ የሳነቲን አምባ በማቋረጥ ሀረና ደን ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ነው። ይህ ግምገማ ስለ ሁለተኛው ነው። በአካባቢው ይህን ሥራ የሚሠሩት ከአንድ በላይ በመሆናቸውና የሚያቀርቡትም ተመሳሳይ በመሆኑ የአንዱን አከራይ ስም አንስቼ ከማወደስ ወይም ከመንቀፍ ይልቅ አገልግሎቱን ራሱን መመዘን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አስቀድሜ ልናገረው የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ የዚህ ጉዞ ጥሩነት የሚወሰነው በመኪናው ምቾት ወይም በምሳው ዓይነት ሳይሆን በሰዓት አደላደሉና በአስጎብኚው ዓይን ነው። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው ዋጋ የሄዱ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ የዕድሜ ልክ ትዝታ ይዞ፣ ሌላው ደግሞ አቧራና ራስ ምታት ብቻ አትርፎ ሊመለስ ይችላል።

አገልግሎቱ በአንድ ጥቅል ዋጋ የሚሸጥ ቢመስልም ውስጡ ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ክፍያዎች አሉት፤ እነዚህም የመኪናው ኪራይ፣ ነዳጁ፣ የአስጎብኚው የቀን አበልና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናቸው። የመግቢያ ክፍያው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ዜጋ የተለያየ ስለሆነ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ አብሮ ካለ ሒሳቡ ይለወጣል። ለእኛ የተነገረን ዋጋ ነዳጅን ይጨምራል ተብሎ የነበረ ሲሆን፣ ጉዞው ሊጀመር ሲል ግን «እስከ ሪራ መንደር ነው እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለው ለብቻው ይታሰባል» የሚል ነገር ተነሳ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጉዳይ በዋዜማው ተነግሮና በወረቀት ሰፍሮ ማለቅ ይገባው ነበር፤ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ በመንገድ ዳር የሚደረግ ክርክር ቀኑን ከመጀመሪያው ያደፈርሰዋል። ሌላው ሁሉ ግን በሥርዓት ተዘጋጅቶ ነበር። መኪናው አሮጌ ቢሆንም የተጠበቀ ላንድክሩዘር ነው፤ ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ፣ ተቀያሪ ጎማና ክሪክ መኖራቸውንም ሹፌሩ ሳንጠይቀው ከፍቶ አሳየን። የመግቢያው ክፍያ በዋዜማው ተከፍሎ ደረሰኙ በእጃችን ስለነበር በማለዳ ለመነሳት የሚያግደን ነገር አልነበረም።

የሰዓቱን ነገር ጠለቅ ብዬ ላንሳው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ አገልግሎት ሰጪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የቀረበልን ፕሮግራም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ በልቶ ከሮቤ በስተምዕራብ ወዳለችው ዲንሾ መሄድን፣ እዚያ የደጋ አጋዘን አይቶ ወደ ሮቤና ጎባ መመለስን፣ ከዚያም እኩለ ቀን ላይ ሳነቲን መውጣትን የሚጠይቅ ነበር። ለሹፌርና ለወጥ ቤት የሚመች ቅደም ተከተል ነው፤ ለሚታየው ነገር ግን አይመችም። የደጋ አጋዘን ወደ ገላጣው ሣር የሚወጣው ማለዳና ወደ ማታ ላይ ሲሆን ቀትር ላይ ዛፍ ሥር ገብቶ ይተኛል። የሳነቲው ቀይ ቀበሮ ደግሞ ቀን የሚያድን እንስሳ ቢሆንም፣ መንጋው ተሰብስቦ የሚታየው በተለይ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በዚያ ሰዓት እርስ በርሳቸው ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ፣ ግዛታቸውን እየዞሩ ወሰናቸውን ያድሳሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ለብቻው ወደ አደኑ ይበተናል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከደቡብ በኩል፣ ከሀረና ደን ሽቅብ እየተንከባለለ ወጥቶ አምባውን ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ ሳነቲን በማለዳ፣ ሀረናን በቀትር፣ ዲንሾን ደግሞ ወደ ማታ ማድረግ ነው። አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ ወጣት ሲሆን ይህን ስንጠይቀው ፊቱ በራ፤ «እኔም የምመክረው ይህንኑ ነበር፤ ግን እንግዶች በጠዋት መነሳት አይፈልጉም እየተባልን ነው» አለን። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሮቤ ተነሳን።

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው 14 ኪሎ ሜትር የስንዴ አገር ነው፤ በጨለማ ስላለፍነው የሚባል ነገር የለኝም። ጎባን ለቆ ወደ ደቡብ ሲወጣ ግን መንገዱ ወዲያውኑ ባሕርዩን ይለውጣል። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ይቀበላሉ፤ ከኮሶዎቹ ቅርንጫፍ ላይ የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት በመኪናው መብራት ሲታይ ነጭ ሆኖ ይወዛወዛል። ትንሽ ከፍ ሲባል ቢጫ አበባ የሚያወጣው አመጃ፣ ከዚያም አስታ ይተካል፤ አስታው ከታች ዛፍ የነበረው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ ይሆናል። በአንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ውስጥ የእጽዋቱ ዓለም ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ ማየት በራሱ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ አስጎብኚው ቢያንስ ሁለት ቦታ ላይ መኪናውን አስቁሞ ማስወረድ አለበት። የእኛው ይህን አድርጓል። ከወንበሩ ዞሮ እየጮኸ ከማስረዳት ይልቅ ወርደን ቅጠሉን እንድንነካ፣ የኮሶውን ቅርፊት እንድንዳስስ አደረገን፤ አባቴም ኮሶ በልጅነታቸው እንዴት ለመድኃኒትነት ይጠጣ እንደነበር ለልጆቹ የነገሯቸው እዚያው ዛፉ ሥር ቆመው ነው።

ከዚያ ድንገት ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃል። ሳነቲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሰፊ አምባ ሲሆን፣ አቋርጦት የሚያልፈው የጎባ–ደሎ መና መንገድም በአፍሪካ መኪና ከሚሄድባቸው ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ወደ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የዚህን ክብር ምክንያት ለመረዳት አምባው ላይ ወርዶ መቆም ይበቃል። በዚህ ከፍታ ላይ ሳይቆራረጥ የተዘረጋ እንዲህ ያለ ሰፊ የውርጭ አገር በአፍሪካ ሌላ ቦታ የለም። ዘመን ባስቆጠረው የበረዶ ግግር የተፋቀ ዐለት፣ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች፣ ብርማ ቅጠል ያላቸው ድንክ ቁጥቋጦዎች፣ በመካከላቸውም ብቻቸውን የቆሙ ጅብራዎች ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይታያሉ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያድግና ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም አበባ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ በአምባው ላይ በሕይወት ያሉት፣ ያበቡትና ደርቀው የቆሙት ጎን ለጎን ይታያሉ። ስንደርስ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ጋቢም ካፖርትም ይዘን ነበር፤ ሁለቱም አስፈልገዋል።

እዚህ ላይ የአስጎብኚው ችሎታ ተፈተነ። መኪናው በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት እየሄደ እሱ በመስኮቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያያል፤ እኛ ግን ድንጋይና ሣር ብቻ ነበር የሚታየን። ድንገት «ቁም» አለ። የጠቆመን ቀበሮ ሳይሆን አንዲት ጥቁር ቡናማ ትንሽ ወፍ ነበረች፤ ከአንድ የአፈር ቁልል አጠገብ ተቀምጣለች። ወፏ የምትጠብቀው ግዙፉን ፍልፈል ነው፤ ፍልፈሉ አፈር እየቆፈረ ሲያወጣ የሚገላበጡትን ነፍሳት እሷ ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፣ ፍልፈሉም ጩኸቷን ሰምቶ ወደ ጉድጓዱ ይሰወራል። ሞተሩ ጠፍቶ በዝምታ ጥቂት ከቆየን በኋላ አፈሩ ተንቀሳቀሰና ከጉድጓዱ አፍ አንድ ሰፊ ራስ ብቅ አለ። ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ገላውን ሳያወጣ ሰማዩን መቃኘት ይችላል። ግማሽ ሰውነቱን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሶቹ እየነጨ አፉን ሞላና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገባ። ይህ እንስሳ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ትልቁ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የቁፋሮ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዛሬ 30,000 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ በዚሁ ፓርክ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የዋሻ መጠለያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ዋና ምግባቸው ይኸው ፍልፈል ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ያደረጉትን ዓይነት ዝምታ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

ፍልፈል ባለበት ቀይ ቀበሮ አይጠፋም። አስጎብኚው ያቆመን ይህን አውቆ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከጅብራዎቹ በስተጀርባ ሦስት ቀበሮዎች ተከታትለው ብቅ አሉ፤ ሁለቱ ተያይዘው አለፉ፣ ሦስተኛው ግን ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ፀጉሩ ቀይ ወርቅማ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ከግማሽ በታች ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ፣ እግሮቹ ረዣዥም፣ አፉም ሾጣጣ ነው። ጆሮዎቹን ወደ መሬት አቅጣጫ ቀስሮ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ ከዚያ ሆዱ መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ ብሎ አንድ እግሩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ሌላውን አነሳ። ዘሎ የያዘው ፍልፈሉን ሳይሆን ትንሽ የሣር አይጥ ነበር፤ በአንድ ጉርሻ ውጦ ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ አለፈ። በዓለም ላይ ያለው የቀይ ቀበሮ ቁጥር 500 እንደማይሞላና ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ እንደሚኖር አስጎብኚው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረን። ያንን እያወቁ ያንን እንስሳ ማየት ሌላ ስሜት አለው፤ የዓለምን ሀብት ከፊት ለፊት አስቀምጠው በነፃ እንድናየው የፈቀዱልን ያህል ተሰማኝ፤ ለፓርኩ የከፈልነውም ገንዘብ ከዚያ በኋላ ትንሽ መሰለኝ።

ሹፌሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ ነገር ግን አንድ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። ቀበሮው ሲርቅ «ፎቶ እንዲደርሳችሁ ትንሽ ልጠጋ» ብሎ ከመንገዱ ወደ ሣሩ መሪውን ማዞር ጀመረ። አስጎብኚው እጁን መሪው ላይ አድርጎ ከለከለው። ሹፌሩ ያደረገው እኛን ለማስደሰት ነው፤ ብዙ እንግዶችም እንደሚጠይቁት ተናግሯል። ሆኖም ያ መሬት ለስላሳ ነው፤ ጎማ ያለፈበት ቦታ በዚያ ብርድ ተመልሶ ሣር ለማብቀል ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ጎማው የሚጨፈልቀውም ቀበሮው የሚኖርበትን የአይጥ ጉድጓድ ነው። አከራዮች ለሹፌሮቻቸው ይህን አስቀድመው ቢያስተምሩ፣ እንግዳውም «ተጠጋልኝ» ከማለት ቢቆጠብ መልካም ነው። በዚያው መንገድ ላይ የጭነት መኪኖችና ሚኒባሶች አቧራ እያስነሱ በፍጥነት ሲያልፉን አይተናል፤ መንገዱ የሕዝብ መንገድ ስለሆነ ማንም ሊከለክላቸው አይችልም፤ ቀበሮ ግን በመኪና ተገጭቶ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ቢያንስ ሊያያቸው የመጣ መኪና ቀስ ብሎ መሄድ አለበት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር በአስጎብኚው አደነቅሁ። ቁርሳችንን ቆመን ስንበላ የእንቁላሉን ቅርፊትና የአጥንት ትርፍራፊ በሙሉ በያዘው ከረጢት ሰበሰበ። ልጄ አንድ ቁራጭ ዳቦ ለወፍ ልትወረውር ስትል «እህቴ፣ ወፏ ብቻ ብትበላው ምን ነበር፤ ውሻም ይመጣል» አላት። ነገሩ ቀላል አይደለም። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ በላይ የሚፈጀው አደን ሳይሆን ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በተደጋጋሚ በተነሱት ወረርሽኞች በባሌ በርካታ መንጋዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በዙሪያው ባሉ መንደሮች ውሾችን የሚከትበው ለዚህ ነው። መንገደኛ የሚጥለው አጥንት ውሻን ወደ አምባው ይጠራል፣ ውሻውም በሽታውን ይዞ ይመጣል። ይህን ለሕፃን በሚገባት ቋንቋ ያስረዳ አስጎብኚ ክፍያው ይገባዋል።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው መገንጠያ ከዋናው መንገድ ይነሳል። ተራራው 4,377 ሜትር ሲሆን ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ የቴሌኮም ማማ ስላለበት መኪና እስከ አናቱ ይደርሳል። ለእግረኛ ተራራ ወጪ ይህ ደስ ላይለው ይችላል፤ አረጋውያንና ሕፃናት ይዞ ለሚጓዝ ሰው ግን ትልቅ ዕድል ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቴ የባሌን ከፍተኛ ተራራ አናት የረገጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሲወርዱ በወጣትነት ልማዳቸው ፈጠን ብለው ሊራመዱ ሲሉ አስጎብኚው ክንዳቸውን ይዞ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው» አላቸው። በዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ስድስት እጅ ከአሥር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ኗሪ ከፍታ ለምዷልና ብዙ አይቸገርም፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቀጥታ የመጣ ሰው ግን ሮቤ ወይም ዲንሾ ቢያንስ አንድ ሌሊት አድሮ ቢወጣ ይሻለዋል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይወጣ አጥብቄ እመክራለሁ። አናቱ ላይ ነፋሱ ስለማያስቆም ቆይታችን አጭር ነበር።

ከአምባው ደቡባዊ ጫፍ ላይ መኪናው ሲደርስ አስጎብኚው ሳናስበው አስቆመን። መሬቱ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ከእግር በታች ደመና፣ ከደመናው በታች ደግሞ ደን ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደዚያ ይወርዳል። በሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቀት፣ ከጅብራ ወደ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃም ወደ ዝግባ መውረድ በኢትዮጵያ ውስጥ በሌላ መንገድ ያላየሁት ነገር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ያሉት አስታዎች ከላይ ካየናቸው ድንኮች ጋር አንድ ዘር መሆናቸውን ማመን ያዳግታል፤ ግንዳቸው ተጠማዞ፣ ከሥር እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሽበት ለብሰው፣ ጉም በመካከላቸው እየገባና እየወጣ ይቆማሉ። ልብስ አንድ በአንድ ማውለቅ የተጀመረው እዚህ ነው።

ሪራ በደኑ አፋፍ ላይ ያለች መንደር ናት። ምሳችንን ይዘን የመጣን ብንሆንም በአንዲት ትንሽ ቤት አረፍን። ባለቤቷ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልን፤ ቀጥለውም ከደኑ የተለቀመ ቡና አፈሉልን። ሀረና ቡና ሳይተከል፣ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ የሚገኝበት ደን ነው፤ የአካባቢው ሰው ለቅሞ አድርቆ ይሸጠዋል። ማሩም እንዲሁ ነው፤ ንብ ቀፎዎቹ ከዛፎቹ ከፍተኛ ቅርንጫፎች ላይ ተሰቅለው ከመንገድ ይታያሉ። ሴትዮዋ «እንግዳ በየቀኑ ያልፋል፤ የሚወርድ ግን ጥቂት ነው» አሉን። ይህን ለአገልግሎት ሰጪዎቹ ማድረስ እወዳለሁ፦ ከከተማ የተቋጠረ ምሳ ከማቅረብ ይልቅ ምሳውን ሪራ ላይ ቢያደርጉት እንግዳው ትኩስ ምግብ ይበላል፣ ደኑን ጠብቀው ለሚኖሩት ሰዎችም ጉብኝቱ ጥቅም ይሆናቸዋል። የእኛ ምሳ የቀዘቀዘ ሩዝና ደረቅ ዳቦ ነበር፤ በዚያ ጩኮ ፊት ማንም ዓይኑን አልጣለበትም።

ከሪራ ወዲያ ደኑ ውስጥ ያለፍነው አጭር ርቀት ነው፤ የተጨማሪ ነዳጅ ክርክር የተነሳበት ክፍል ይኸው ነበር፤ የተከፈለበትን ያህል ግን አሳይቶናል። የጉሬዛ መንጋ ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲዘል አየን። በቀርከሃው ውስጥ የባሌን ጦጣ ለማየት በእግር ገብተን ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ከመስማት በቀር አልተሳካልንም፤ ይህ ጦጣ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ አብዛኛው ምግቡም የቀርከሃ ቅጠል የሆነ እንስሳ ነው። አስጎብኚው ለማስደሰት ብሎ «ያ ነው፣ ያ ነው» አለማለቱን ወድጄለታለሁ፤ ያላየነውን አላየንም። ሀረናን በአግባቡ ማየት የፈለገ ሰው አንድ ሌሊት እዚያ ማደር አለበት፤ በአንድ ቀን ጉዞ የሚገኘው መግቢያው ብቻ ነው። አገልግሎቱ በማስታወቂያው «የሀረና ደን ጉብኝት» ማለቱ ከዚህ አንፃር የተጋነነ ነው፤ «እስከ ሀረና አፋፍ» ቢባል ይቀርበው ነበር።

በመመለሻው ሳነቲን ዳግም ስናቋርጥ እንደተፈራው ደመናው ወርዶ ነበር፤ በጠዋት ያየነው አምባ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። መብራት አብርተን ቀስ ብለን ስንነዳ ከፊታችን የከብት መንጋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ጎደንቱ በሚባለው ነባር ሥርዓት የባሌ አርብቶ አደር እንደየወቅቱ ከብቱን ወደ ደጋው ያወጣል፣ ሆራ የሚባለውን ማዕድን ያለበት የምንጭ ውኃም ያጠጣል። ሰውና ከብት በአምባው ላይ እየበዙ መሄዳቸው ፓርኩን ከሚያሳስቡት ዋና ነገሮች አንዱ ነው፤ ሆኖም አስጎብኚው ስለ እረኞቹ ሲናገር በወቀሳ አልነበረም። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች ታች ባለው ቆላ፣ ከአገራችን ወሰንም አልፎ ለሚሊዮኖች ውኃ እንደሚሰጡ፣ አምባው ውኃውን ይዞ ቀስ እያለ ባይለቅ ኖሮ እረኛውም ገበሬውም እንደሚጠፉ አስረዳን። እኩለ ቀን ላይ የሚነሱት መኪኖች ሳነቲን የሚያዩት በዚህ ጉም ውስጥ ነው፤ ሁለቱንም ስላየሁ በጠዋት መነሳትን የማልደራደርበት ነገር አድርጌዋለሁ።

ከሮቤ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ዲንሾ የደረስነው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጋይሳይ የሚባለው ሣር ሜዳ ከዋናው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ስለሆነ ከመኪና መውረድም አያስፈልግም፤ እኛ ግን ወርደን በእግር ትንሽ ተራመድን። የደጋ አጋዘኖቹ ወጥተዋል። ሴቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ይግጣሉ፤ ተጠምዝዘው ወደ ላይ የወጡት ቀንዶቻቸው ጫፋቸው በጀንበሯ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያህል ትልቅ እንስሳ በውጭው ሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ብቻ መሆኑ ያስገርማል፤ የአገሩ ሰው ግን ከጥንትም ያውቀዋል። ከርከሮዎችም በጉልበታቸው ተንበርክከው በመካከላቸው ይግጡ ነበር። እንስሳቱ ሰውን የለመዱ ስለሆኑ ማንም እንዳይጠጋቸው ተከልክሎም ቢሆን ከቅርብ ይታያሉ። ልጆቹ ከቀኑ ሁሉ የወደዱት ይህን ነበር፤ እኔ ግን የሳነቲውን ጠዋት አስበልጣለሁ።

አገልግሎቱን በአጠቃላይ ለቤተሰብ፣ በተለይም ብዙ መራመድ የማይችሉ ሰዎች ላሉበት ቡድን ያለማመንታት እመክራለሁ። ቀኑ ግን ረጅም ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በመኪና ውስጥና በብርድ ያልፋል፤ ጠጠር መንገዱም ወገብ ይፈትናል። አቅሙ ያለው ሰው ሁለት ቀን አድርጎ የመጀመሪያውን ሌሊት ሀረና፣ ሁለተኛውን ዲንሾ ቢያድር የበለጠ ያተርፋል። በአንድ ቀን የሚሄድ ሰው ግን ከአከራዩ ጋር ከመስማማቱ በፊት ዋጋው ነዳጅን እስከ የት እንደሚጨምር፣ ከጎባ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ አስጎብኚው የአካባቢው ሰው መሆን አለመሆኑን፣ ሹፌሩም ከመንገድ እንደማይወጣ በግልጽ ይጠይቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጭቃው ይበረታል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታም በዋዜማው በሮቤ ወይም በዲንሾ ከፓርኩ ሠራተኞች መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ ቅባትና በቂ ውኃ ይያዝ፤ ሪራ ላይ ለቡናና ለማር የሚሆን ዝርዝር ብርም አይረሳ፤ እዚያ መቶ ብር የሚዘረዝር ሰው በቀላሉ አይገኝም።